ቅሉና ቦሎቄው፦ ሰው የሚሸሽገውን ለመቁጠር የተደረገ ሙከራ ማስታወሻ

ሚያዝያ 17፣ ደብረ ማርቆስ

ለመረጃ ሰብሳቢዎች የአንድ ቀን ሥልጠና አዘጋጅ ተብያለሁ። ርዕሱ «ሰው የሚሸሽገውን ነገር በቤት ለቤት ጥናት እንዴት እንለካለን» ነው። ጎጃምን ታብሌት ተሸክሜ ስዞር ብዙ ዓመቴ ነው፤ መጀመሪያ በጠያቂነት፣ አሁን በሱፐርቫይዘርነት። ለዚህ ጉዳይ ያለኝ ምክር ግን እስከ ዛሬ «ረጋ ብላችሁ ጠይቁ» ብቻ ነበር።

ማንበብ ስጀምር ጽሑፉ ሁሉ ወደ አንድ ምሳሌ መራኝ፤ ወደ ጾታዊ ዝንባሌ። ስንት ሰው ወደ ራሱ ጾታ ይሳባል የሚለው ጥያቄ የውጭ ተመራማሪዎችን ከሰባ ዓመት በላይ አልፋታ ብሏል። አሜሪካዊው የወሲብ ሕይወት አጥኚ አልፍሬድ ኪንሲ በ1948 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከአሜሪካ ወንዶች 37 በመቶው ከጉርምስና በኋላ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከወንድ ጋር የወሲብ ግንኙነት አድርገዋል ብሎ ጻፈ። ሰዎቹን ግን በዕጣ አልመረጣቸውም፤ እስረኞችም በፈቃዳቸው የመጡም ነበሩባቸው። በ1992 እዚያው አሜሪካ 3,432 ሰዎች በዕጣ ተመርጠው ሲጠየቁ፣ ራሳቸውን ተመሳሳይ ጾታ ወዳድ ወይም ሁለቱንም ወዳድ ብለው የጠሩት ከወንዶች 2.8 በመቶ፣ ከሴቶች 1.4 በመቶ ሆኑ። 37 የት፣ 2.8 የት!

እዚህ ይህን ጥያቄ ለልምምድ እንኳ ማንሳት አይታሰብም። በእኛ አቆጣጠር የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 629 ድርጊቱን ያስቀጣል፤ ታብሌቴ ላይ የሰፈረ «አዎ» ነገ በሰውዬው ላይ ማስረጃ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ቃሉም ቢሆን ገና ከአፍ ሲወጣ ፈርዶ ነው የሚወጣው። ሰፈር የሚያውቀው ቃል ስድብ ነው፤ «ጾታዊ ዝንባሌ» የሚለውን ደግሞ ከስብሰባ አዳራሽ ውጭ የሚለው የለም። ስለዚህ ዘዴዎቹን የምሞክርበት ምትክ ጉዳይ ያስፈልገኛል፤ ሰው የሚሸሽገው፣ ቢታወቅ ግን ማንንም እስር ቤት የማያስገባ።

ሚያዝያ 19

ምትኩን እትዬ ቤት ቡና ላይ አገኘሁት። አንዷ ጎረቤት «እንትና በሁዳዴ ቅቤ ሲልስ ታየ» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ።

ጾም መግደፍ! ጎጃም ላይ ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል? በዚያው ሌሊት ሦስት ጥያቄ ጻፍኩ። አንደኛው «ጿሚ ነዎት?» ሁለተኛው «ባለፈው ሁዳዴ፣ ጾሙ ከተያዘ እስከ ፋሲካ፣ አንድ ቀን እንኳ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ ወይም እንቁላል ቀምሰዋል?» ሦስተኛው «አምሮዎት ያውቃል?»

ሦስቱ አንድ ነገር የሚጠይቁ ይመስላሉ እንጂ ሦስት የተለያየ ሕዝብ ነው የሚቆጥሩት። ጿሚ ነኝ የሚለው ሁሉ ነው። የቀመሰው ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ ነው። ያላማረው ካለ ደግሞ ወይ መነኩሴ ነው ወይ ይዋሻል። የ1992ቱ ጥናት ሰዎችም የደረሱበት ይኸው ነው። ሰው ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ፣ ምን እንዳደረገና ወደ ማን እንደሚሳብ ለየብቻ ጠየቁ። ራሱን በስሙ የጠራው ወንድ 2.8 በመቶ ሲሆን፣ ከሦስቱ በአንዱ እንኳ «አዎ» ያለው 10.1 በመቶ ነው፤ ከሴቶቹም 1.4 የነበረው ወደ 8.6 ይወጣል። ጋዜጣ «የነዚህ ሰዎች ብዛት ይህን ያህል ነው» ብሎ ሲጽፍ ከሦስቱ የቱን እንደያዘ አይናገርም።

ሚያዝያ 24

የመጀመሪያው ልምምድ፣ በቀጥታ ጥያቄ። ጥናት አይደለም፤ ስም አንይዝም፣ የምናነጋግራቸውም የሥልጠና ልምምድ መሆኑ ተነግሯቸው የፈቀዱ ናቸው። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ስለሆነ ከከተማው ብዙም አልራቅንም።

አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ጌሾ ያሰጣሉ።

«እማማ፣ ጿሚ ነዎት?»

«ምን ማለትህ ነው ልጄ?»

«ማለቴ... ጾም ይጾማሉ ወይ?»

ጌሾውን ትተው ቀና አሉ። «ክርስቲያን ነኝ እኮ! ምን አይተህብኝ ነው?»

እዚያው ላይ ቆመን ቀረን። እሳቸው ጿሚ የሚባል የሰው ዓይነት አያውቁም፤ መጾም የክርስትና እንጂ ራሱን የቻለ ማዕረግ አይደለም። ስም የሚወጣለት የገደፈው ነው። ለካ ይህም የታወቀ ችግር ነው። በአሜሪካም ከብዙኃኑ ውስጥ ለራሱ ዝንባሌ ስም የሌለው ሰው አለ፤ «እኔማ እንዲሁ ሰው ነኝ» ይላል። ምርጫዎቹ ሲነበቡለት ግራ ገብቶት «ሌላ» የሚለውን ይነካል፣ በተመራማሪው ቤት ግን «ሌላ» ያለው አናሳ ተደርጎ ይቆጠራል። በዚህ የተነሳ ከ2013 ጀምሮ በብሔራዊ የጤና ጥናታቸው ላይ ምርጫው «ስትሬት፣ ማለትም ጌይ (ተመሳሳይ ጾታ ወዳድ) ያልሆነ» ተብሎ ተጻፈ። ብዙኃኑ የሚታወቀው ያልሆነው ተነግሮለት ነው። እኔም ጥያቄውን «ጾም የማይገድፉ» ብዬ ቀየርኩት፤ እማማ ደግመው ሲጠየቁ ወዲያው መለሱ። ምን ብለው እንደመለሱ መገመት ነው።

ሌላው ጣጣ ብቻ ለብቻ መነጋገር ነው። መመሪያው «ተጠያቂውን ለብቻው አነጋግር» ይላል። በእኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ልጅ ጉልበት ላይ ይወጣል፣ ቡና ይፈላል። «እባካችሁ ለብቻችን» ስትል ያልነበረ ምሥጢር ትፈጥራለህ። አንድ አባወራ ሚስታቸውን ለብቻ ላነጋግር ስላቸው «እኔ የማልሰማው ምን ጉድ ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ግንቦት 2

ወደ ቅሉ ገባን። ስታንሊ ዋርነር የሚባል ሰው በ1965 ያወጣው ዘዴ ነው። ጠያቂው የትኛው ጥያቄ እንደተመለሰ ሳያውቅ መልሱን ብቻ ይመዘግባል። ከእትዬ አንገተ ጠባብ ቅል ተዋስኩ። ውስጡ 7 ባቄላና 3 ሽምብራ። ሰውዬው ቅሉን ነቅንቆ አንድ ፍሬ መዳፉ ላይ ያወጣል፣ ለብቻው ያያል፣ መልሶ ይከተዋል። ባቄላ ከሆነ «ባለፈው ሁዳዴ ገድፌያለሁ» ለሚለው፣ ሽምብራ ከሆነ «ባለፈው ሁዳዴ አልገደፍኩም» ለሚለው «እውነት» ወይም «ሐሰት» ይላል። እኔ ፍሬውን ስላላየሁ «እውነት» ቢለኝ ምኑ እውነት እንደሆነ አላውቅም። ከብዙ ሰው ሲጠራቀም ግን ስንቱ እንደገደፈ በሒሳብ ይወጣል።

በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ሁለተኛው ተጠያቂ ላይ ፈረሰ። ሽማግሌው ቅሉን ከመንቀነቅ ይልቅ አፉ ላይ የደረሱትን ፍሬዎች በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና «የቱን ላውጣልህ? ሽምብራውን?» አሉኝ። ባቄላ ጠፍጣፋ፣ ሽምብራ ድቡልቡል። የገበሬ ጣት ይህን ሊስት?

ግንቦት 4

ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ነጭና ቀይ ቦሎቄ ገዛሁ። መጠኑም ቅርጹም አንድ፣ ልዩነቱ ለዓይን ብቻ። 7 ነጭ፣ 3 ቀይ። ሻጯ «ለዘር ነው ለንፍሮ?» አለችኝ። «ለጥያቄ» አልኳት፤ መረቀችልኝና ሄድኩ።

ግንቦት 8

በቦሎቄው 30 ሰው አነጋገርን። «እውነት» ያለው 6 ሰው።

ሒሳቡን ልጻፈው፤ ለሥልጠናው የሚሆን ወርቅ ነው። ማንም አልገደፈም እንበል። ነጭ ያወጣው ሁሉ «ሐሰት»፣ ቀይ ያወጣው ሁሉ «እውነት» ማለት አለበት። ቀዩ ከ10 ሦስት ስለሆነ ከ30 ሰው 9 ያህሉ «እውነት» ማለት ነበረበት። እኛ ያገኘነው 6 ነው። ቀመሩ ውስጥ ሲገባ፣ ከመልሱ ድርሻ (0.2) የቀዩ ድርሻ (0.3) ይቀነሳል፣ ለ0.4 (የነጩና የቀዩ ድርሻ ልዩነት) ይካፈላል። ከዜሮ በታች 0.25። ከደብረ ማርቆስ ሰው «ከዜሮ በታች 25 በመቶው» ሁዳዴን ገድፏል! ያልበላውን የተፋ ሕዝብ።

እርግጥ ከ30 ሰው ላይ የሦስት ሰው መዛነፍ በዕድልም ይመጣል። ግን አንዱ ወጣት ጨርሶ ሲሄድ የነገረኝን ልረሳው አልችልም፤ «ወንድሜ፣ እኔ ዝም ብዬ ሐሰት ነው ያልኩህ። እውነት ካልኩ ትጽፍብኛለህ።» ቀይ አውጥቶ፣ ያልገደፈ፣ «እውነት» ቢል የሚያስመሰግነው ሰው ነው። ጆሮው ላይ ግን «እውነት» የሚለው ቃል መናዘዝ ሆኖ ተሰማው። ጥላ እንዲሆነው የተሠራው ዘዴ ወጥመድ መሰለው፤ በየአገሩ ይህ ዘዴ ሲሞከር የሚያጋጥም ነው።

ሌላም ዕዳ አለበት። የሚፈለገው ነገር 3 በመቶ ሰው ላይ ያለ ቢሆንና ቁጥሩን በግማሽ መቶኛ ነጥብ መደበኛ ስሕተት (ግምቱ በዕድል የሚዋዥቅበት መጠን) ልያዝ ብል፣ ሁሉም በቀጥታ እውነቱን የሚናገር ከሆነ 1,160 ያህል ሰው ይበቃኛል። በቅሉ ከሆነ ከ53,000 በላይ ያስፈልገኛል። ለምሥጢር የሚከፈለው ዋጋ ይህን ያህል ነው። የትኛው በጀት!

ግንቦት 14

የዝርዝር ዘዴ። ለግማሹ ሰው አራት ተራ ዓረፍተ ነገር ይነበባል (ባሕር ዳር ሄጃለሁ፣ ቤቴ ዶሮ አለ፣ የመሳሰለው)፤ ለሌላው ግማሽ አራቱና የጾሙ አምስተኛ ሆኖ ይጨመራል። ሰውዬው የትኛው እንደሆነ ሳይናገር «ስንቱ እኔን ይመለከታል» የሚለውን ቁጥር ብቻ ይሰጣል። የሁለቱ ቡድን አማካይ ልዩነት መልሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2013 በወጣ ሙከራ፣ በዚህ ዓይነት ሽፋን ሲጠየቁ ራሳቸውን ከተቃራኒ ጾታ ወዳድ ውጭ የሚሉት በቀጥታ ከተጠየቁት ጋር ሲነጻጸሩ በ65 በመቶ ጨምረው ተገኙ። ተሳታፊዎቹ አገሩን የሚወክሉ አልነበሩም፤ ግን ብዙ ነጻነት አለ በሚባልበት አገር እንኳ ሰው ስንቱን ውጦ እንደሚመልስ ያሳያል።

እኛ ጋ ምን ሆነ? ሰው አልቆጠረም። ገና አንደኛውን ስናነብ «አዎ፣ ሄጃለሁ፤ አጎቴ እዚያ ነው» ይላል። ሁለተኛውን ስናነብ ዶሮዋን ይጠራል። አምስተኛው ላይ ስንደርስ «አ-ይ!» ምሥጢሩ ሁሉ አደባባይ ወጣ። በማግሥቱ አምስት አምስት ፍሬ ቦሎቄ (ከቅሉ ሳይሆን ከተረፈው) በግራ እጃቸው እያስያዝን፣ እውነት በሆነ ቁጥር በነጠላ ሥር አንዱን ወደ ቀኝ እንዲያሻግሩ አደረግን። ይህ ሠራ። ሴቶቹ ከወንዶቹ ይልቅ ቶሎ ገባቸው፤ ወንዶቹ ነጠላ ስለሌላቸው ኪሳቸው ውስጥ ሲያንኮሻኩሹ ትንሽ ያስቁ ነበር።

ግንቦት 20

የድምፅ ዘዴ። በብሪታንያ ትልቁ የወሲብ ሕይወት ጥናት በ1989 የመንግሥት ገንዘብ ተከልክሎ ዌልካም ትረስት የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲከፍልለት፣ 18,876 ሰው ሲጠየቅ ከባዱን ክፍል ሰዎቹ ራሳቸው በወረቀት ሞልተው በፖስታ አሽገው ነበር የሰጡት። ማንበብ የማይችለውስ? ለዚህ ነው ጥያቄው በጆሮ ማዳመጫ የሚነበብበት፣ መልሱ ማሽን ላይ የሚነካበት ዘዴ የመጣው። በ1998 በወጣ የአሜሪካ ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ያሉ ወንድ ልጆች በወረቀት ሲጠየቁ ከወንድ ጋር ግንኙነት አድርገናል ያሉት 1.5 በመቶ ነበሩ፤ በጆሮ ማዳመጫው 5.5 በመቶ። ልጆቹ በዕጣ የተከፈሉ የአንድ ዕድሜ ልጆች ናቸው፣ አገሩም ያው ነው፤ የተለወጠው መጠየቂያው ነው።

እኔም ልቅዳ ብዬ ጋቢ ተከናንቤ ስልክ ላይ ጮኽኩ። የመጀመሪያው ቅጂ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ገባበት። «ጾም ገድፈዋል?» ከሚለው ኋላ የቅዳሴ ዜማ ይሰማል! ይህን ሰምቶ «አዎ» የሚል ካለ ሰማዕት ነው። ሁለተኛውን አንድ ድምፀ መልካም ጓደኛዬ ቀዳልኝ፤ ዲያቆን ስለነበር ጥያቄው ሁሉ ስብከት ሆነ። ሦስተኛው ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበው። በመጨረሻ አንዲት የቡድናችን ልጅ፣ የዳንግላ ልጅ፣ ተራ ወሬ እንደምታወራ አድርጋ ቀዳችው። ለመልሱ አረንጓዴና ሰማያዊ ክብ አደረግን። ቀይ አልተጠቀምንም፤ ቀይ የነካ ሰው ያጠፋ ይመስለዋል።

ግንቦት 27

የዛሬው ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ነው፤ ከሽሽግ ነገርም ጋር አይገናኝም። ፎርሞቹን ሳጣራ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ባል አገኘሁ። አባወራው ወንድ፣ «የትዳር ጓደኛው»ም ወንድ። ልምምድ ስለሆነ ስም ስላልያዝን ጠያቂውን ጠራሁት። «ጣቴ ነው» አለ። ዝናብ ጠብ ብሎ ስክሪኑ እየዘለለ ነበር።

ይቺ የጣት ስሕተት ምን እንደምታደርግ ላሳይ። 10,000 ሰው ጠይቀን በእውነት 200ው የሚፈለገው ዓይነት ነው እንበል። ከቀሩት 9,800 ውስጥ አንድ በመቶው ብቻ በስሕተት ተነካ፤ 98 ሰው። እውነተኞቹ ሁሉ ሳይሸሽጉ ቢመልሱ እንኳ የምናገኘው 298 ነው፤ ሲሶው የጣት ስሕተት። ብዙኃኑ አንድ ጊዜ ሲያስነጥስ አናሳው ይጠረጋል። ይህ በአሜሪካ የ2010 ቆጠራ ላይ በእውን ደርሷል። የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ያሉባቸው ቤቶች መጀመሪያ 901,997 ተብለው ተቆጠሩ። በኋላ ባልና ሚስት የጾታ ሳጥናቸውን አሳስተው መሙላታቸው ሲጠረጠር የስሞቹን ወንድነትና ሴትነት አይተው ቁጥሩን ወደ 646,464 አወረዱት። ሩብ ሚሊዮን ቤት!

በስም ማጣራት ለእኛ ቋንቋ የተሠራ ይመስላል፤ ጥሩነህና ጥሩነሽ አይምታቱም። ግን ደስታ የሚባል ሰው ሲመጣ አለቀ። ለማንኛውም ፎርሙ ላይ የትዳር ጓደኛ ጾታ ከአባወራው ጋር አንድ ከሆነ «እርግጠኛ ነህ?» የሚል መልእክት እንዲወጣ አደረግኩ። ማታ ተኝቼ ሳስበው ደግሞ ይኸው መልእክት እውነተኞቹን ጥንዶች የሚያስተካክል፣ ማለትም የሚያጠፋ እንደሆነ ገባኝ። አነሳሁት። ጠዋት መልሼ አስገባሁት። አሁን ምን ላድርገው አላውቅም።

ሰኔ 3

ሁለት አጫጭር ነገር። ፑል ቤት ያሉ ልጆችን በድምፅ ዘዴው ስንጠይቅ በአንድ ቃል በሁዳዴ በየቀኑ ሥጋ በልተዋል። ዋጋውን ለሚያውቅ ሰው! ታብሌቱን ለሌላው ሲያቀብሉ እየተሳሳቁ ነበር። በአሜሪካ የተማሪዎች ትልቅ ጥናት ላይም ሰው ሠራሽ እጅ ወይም እግር አለን ያሉ ልጆች ቤታቸው ሲጠየቁ አብዛኞቹ ሙሉ አካል ነበሩ። ከዚያው ጥናት በተገኙ የዝንባሌ መልሶች ላይም ስንቱ ቀልድ ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ ይነሳል።

ሁለተኛው፣ ቤቷ አውኛ የሚነገርባት ያቺው የዳንግላ ልጅ ያለችኝ ነው፦ «አያቴን ‹ጾም የማይገድፉ ነዎት ወይ› ብትላት ‹አይደለሁም› ነው የምትልህ። አሉታው ይጠፋታል።» እንግሊዝና ዌልስ በ2021 ቆጠራቸው ላይ ዕድሜው 16 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሁሉ በፈቃድ የሚመለስ የዝንባሌ ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ አስገቡ። 3.2 በመቶው ከተቃራኒ ጾታ ወዳድ ውጭ ሌላ መልስ ሰጠ፤ 7.5 በመቶው ጭራሽ አልመለሰም። ዘለው ያለፉት ከተቆጠሩት ከእጥፍ በላይ ናቸው። ጎን ለጎን የነበረው የጾታ ማንነት (ሰው ራሱን ወንድ ነኝ ወይስ ሴት ነኝ የሚለው) ጥያቄ ደግሞ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ስለነበር እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆኑ ሰዎች ሳይገባቸው እንደመለሱት ተጠርጥሮ፣ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ በ2024 የውጤቱን ደረጃ ዝቅ አደረገ። የልጅቷ አያት ለንደን ብትቆጠር ኖሮ ማን ያውቃል የት ትወድቅ እንደነበር። ጥያቄውን እንደገና ጻፍነው፤ አሁን አሉታ የለበትም።

ሰኔ 9

ሥልጠናው ተሰጠ። ያቺው ልጅ እጇን አነሳች፦ «ጋሼ፣ ምሳሌዎ አንድ ቦታ ያነክሳል። ጾም የገደፈ ንስሐ ገብቶ ያልፍለታል፤ ቀን የጣለው ነገር ነው። ያኛው ሰው ምኑን ይናዘዛል? ሰውነቱን? ደግሞ የጾሙ ቢወጣ ሰፈር ያማዋል፤ የዚያኛው ቢወጣ ምን እንደሚሆን እናውቃለን።»

መልስ አልነበረኝም። ቅሉ የሚያስተምረው ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ ነው፤ ፍርሃቱን ግን በቦሎቄ አልሠራሁትም። ለዚያው ነው እዚህ አገር ጥያቄውን ራሱን ያላነሳሁት። የሰበሰብነውን ከታብሌቶቹ ላይ ፊታቸው አጠፋሁ፤ ከተጠባባቂ ቅጂውም ጭምር።

ሰኔ 10

ቅሉን ለእትዬ መለስኩ። ቦሎቄውን ለንፍሮ ፈልጋው ገለበጠችና ቆጠረች፤ እሷ ሁሉን ነገር ትቆጥራለች። «ሰባት ነጭ፣ ሁለት ቀይ» አለች።

ሦስት ነበር። ቅሉን ነቀነቅኩ፣ በጣቴ ዳበስኩ፣ የለም። አንዱ ሰው መዳፍ ላይ ቀርቶ ይሆናል፣ ወይም ነጠላ ውስጥ። ሒሳቡን ወረቀት ላይ እንደገና ሠራሁት። በ9 ፍሬ ከሆነ የቀዩ ድርሻ ከ0.3 ወደ 0.22 ይወርዳል፤ ከዜሮ በታች 25 ያልኩት ከዜሮ በታች 4 ይሆናል፤ ዜሮ ማለት ነው። ፍሬው የጠፋው ግን በመጀመሪያው ሰው ላይ ይሁን በሠላሳኛው የሚነግረኝ የለም።